ቅዱሳን የተሰለፉበት ወረፋ

ደብረ ታቦር ስመደብ ለሁለት ዓመት ብቻ ነው ተብዬ ነበር። ድሬዳዋ ተወልጄ ከዚራ ሰፈር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ብርድ የሚባለውን ነገር የማውቀው የማቀዝቀዣ በር ስከፍት ነው። መሥሪያ ቤቱ የቤትና የቦታ ጉዳይ የሚያስተናግድ ሲሆን የእኔ የሥራ መደብ በወረቀት ላይ «የመረጃ ሥርዓት ባለሙያ» ይላል። ባልደረቦቼ ግን ይህን ሁሉ ከሚሉ «ኮምፒዩተሯ» ይሉኝ ነበር። «ኮምፒዩተሯ ገባች ወይ?» ከተባለ እኔ ነኝ። ኮምፒዩተሩ ራሱ እንቢ ሲልም «ኮምፒዩተሯ፣ ኮምፒዩተሩ እንቢ አለ» ብለው ይጠሩኛል።

ሁለቱ ዓመት አልፎ ሦስተኛው ሲጋመስ የዝውውር ማመልከቻዬን ይዤ ኃላፊያችን ዘንድ ገባሁ። እናቴ ድሬዳዋ ብቻዋን ናት። በደወልሁ ቁጥር ስለ ጤናዋ ስጠይቃት «እሱን ተዪውና መቼ ነው የምትመጪው?» ትለኛለች። ይህንኑ ለኃላፊያችን አስረዳኋቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ሥልጠና ላይ ካልሆኑ የሰው ችግር ይገባቸዋል። ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አነበቡትና፣ የወረፋ ማስያዣው ማሽን በዚያው ሰሞን እንደሚመጣ ነገሩኝ። እሱን ተክዬ ሥራ ካስጀመርሁላቸው፣ ከባሕር ዳር የሚመጣው ገምጋሚ ኮሚቴም ሥርዓቱን አይቶ ደህና ነው ካለ፣ በዚያኑ ዕለት እንደሚፈርሙልኝ ቃል ገቡ። እኔም ከቢሮአቸው ወጥቼ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ተሳለምሁ። ማሽን ይሳካልኝ ብሎ መጸለይ ይገባ አይገባ እንደሆነ እርግጠኛ ስላልነበርሁ፣ «አንተ ታውቃለህ» ብዬ በደፈናው ተውሁት።

ከማሽኑ በፊት የነበረውን ነገር ካልተናገርሁ የማሽኑ ነገር አይገባም። ባለጉዳይ ከጠዋት ጀምሮ በረንዳው ላይ ይሰበሰባል። ወረፋውን የሚይዘው ግን ሰውየው ሳይሆን ዕቃው ነው። አንዱ ከዘራውን፣ አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ የቆሎ ስልቻውን አግዳሚው ላይ ያስቀምጥና ፀሐይ ወደሚሞቅበት ይሄዳል። ቢሮ ሲከፈት «ይህ ድንጋይ የማነው?» እየተባለ ይጣራል። አንድ ቀን ነፋስ ባርኔጣ ወስዶ የባለቤቱ ወረፋ አብሮ ጠፍቷል። የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ የሚባለው ነገር በመጣ ጊዜ ኃላፊያችን ሥልጠና ወስደው ቀስት መሳል ተምረው ተመለሱ። ከበሩ ጀምሮ ግድግዳውን በቀይ ቀለም ቀስት በቀስት አደረጉት፤ ባለጉዳዩ ቀስቱን እየተከተለ ከመስኮት ወደ መስኮት እንዲሄድ ነው። የመጨረሻው ቀስት የተሳለው የኋላ በሩ ላይ ስለነበር ገበሬው ሁሉ ቀስቱን ተከትሎ ሲሄድ መጸዳጃ ቤቱ ጋ ይደርስና ጉዳዩ እዚያ የሚያልቅ መስሎት ቆሞ ይጠብቅ ነበር።

ማሽኑ ሲመጣ ይህ ሁሉ ይቀራል ተባለ። ነገሩ ቀላል ነው። ባለጉዳዩ ሲገባ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ይወጣለታል፤ ተራው ሲደርስ ከግድግዳው ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ቁጥሩን ይጠራዋል፤ ኮምፒዩተሩ ደግሞ ማን ስንት ሰዓት ጠበቀ፣ ማን ቀረበ፣ ማን አልቀረበም የሚለውን ይመዘግባል። የሚጠራውን ድምፅ ግን እኛው መቅዳት ነበረብን። ኃላፊያችን ባልደረቦቼን አንድ በአንድ አስነበቧቸው። አንዷ በጣም ቶሎ ቶሎ አለች፤ አንዱ ቁጥሩን እንደ መርዶ ጎትቶ ተናገረው፤ ዘበኛችን ደግሞ ሲያነቡ እንደ ፉከራ ሆነባቸው። በመጨረሻ የእኔ ተመረጠ። ከአንድ ጀምሬ እስከ ዘጠና ዘጠኝ ድረስ «ቁጥር ይህን ያህል፣ ወደ መስኮት ይህን ያህል ይምጡ» እያልሁ ቀዳሁ።

የመጀመሪያው ቀን ማሽኑ ያለ እንከን ሠራ። ያልሠራው ሰው ነው። «ቁጥር አራት» ስል ማንም አልተነሣም። ወጥቼ ባይ ባለ አራት ቁጥሩ፣ አንድ ጥምጥማቸው የጸዳ ቄስ፣ ወረቀቱን እንደ ትኩስ ድንች በሁለት ጣታቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ለምን እንዳልቀረቡ በትሕትና ጠየቅኋቸው። ሰው በቁጥር አይጠራም፤ በቁጥር የሚጠራው እስረኛ ነው አሉኝ። ከዚያም ዳዊት ሕዝቡን ቢቆጥር በእስራኤል ላይ መቅሠፍት እንደ ወረደ አስታወሱኝ። ይህን ሲሰሙ ከጎናቸው የነበሩት ሁሉ ወረቀታቸውን ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። እኔም ሃይማኖተኛ ነኝ፣ መጽሐፉን አውቀዋለሁ፤ ክርክር ውስጥ ብገባ የምረታ አልመሰለኝም።

ያዳኑን አንዲት እናት ናቸው። ከጉና ተራራ ሥር በእግራቸው የመጡ፣ የሟች ባላቸውን ቦታ በስማቸው ለማዞር የሚመላለሱ፣ ቀጠን ያሉ አሮጊት ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም፤ ወረቀታቸውን ለዘበኛችን ሰጥተው ምን እንደሚል ጠየቁ። ዘበኛው አሥራ ስድስት ነው አሏቸው።

«ኪዳነ ምሕረት ናት በሉኛ፣ አያ። ምነው አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስድስት ይላሉ?»

አበቃ። ከዚያች ደቂቃ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ቁጥር የሚባል ነገር አልቀረም። ወረቀቱን ያልተረዳው ሁሉ ተረዳው። የወሩን ቀን ከነቅዱሱ የማያውቅ ሰው በዚያ አገር የለምና፣ አሥራ ሁለት የወጣለት ሚካኤል ሆነ፣ ሃያ ሦስት የወጣለት ጊዮርጊስ ሆነ፣ አምስት የወጣላት ኮረዳ አቦ ሆነች። ቄሱ እንኳ ወረቀታቸውን አንሥተው አዩትና አራት ዮሐንስ መሆኑን ሲያዩ በደስታ ገቡ። መቅሠፍቱ የሚወርደው በቁጥር እንጂ በቅዱሳን ላይ አይደለም።

እኔ ግን ልቤ ከበደኝ። የቅዱሳን ስም የቦታ ካርታ ወረፋ ሲሆን ደስ አላለኝም። በማግስቱ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። ማሽኑ ራሱ የቅዱሳንን ስም ይጠራ እንደሆነ አጣሩ። አይጠራም፣ ማሽኑ ቁጥር ብቻ ነው የሚለው፤ የሚተረጉመው ሕዝቡ ነው አልኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ ያ መሥሪያ ቤት እሳቸውን ራሳቸውን ለአንዲት የግቢ በር ፈቃድ ስንት ወር እንዳመላለሳቸው ነገሩኝ። «ያን ጊዜ ከቅዱሳን አንዱ አብሮኝ ቢጠብቅ ኑሮ ምን ነበረበት?» አሉኝ። ይህን እንደ ፈቃድ ቆጥሬ ሄድሁ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን የወረፋ ዓይነት የትኛውም የሥልጠና መጽሐፍ አልጻፈውም። ሰው መለዋወጥ ጀመረ። የኪዳነ ምሕረት ስለት ያለባት ሴት ገብርኤልን ይዛ አዳራሹን ትዞራለች፣ የሚለውጣት ፍለጋ። ባለ መድኃኔ ዓለሙ ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ኪሱን በእጁ ይይዘዋል። አንድ በከተማው የታወቁ ሙስሊም ነጋዴ፣ ሐጂ የሚባሉ፣ ነበሩ፤ ገብርኤል ደረሳቸውና ጓደኞቻቸው ሊቀልዱባቸው ሲሰናዱ፣ «ምን ይገርማችኋል? ጂብሪልን እኛም እናውቀዋለን» ብለው እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። በሌላ ቀን ማርያም ሲደርሳቸውማ ወረቀቱን ለሚስታቸው ሊያሳዩ ቤት ይዘው ሄዱ፤ ወረፋው አለፋቸው።

የስምንት ነገር ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። ስምንት ምንድን ነው በሚለው ሕዝቡ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ አባ ኪሮስ ነው ይላል፤ ግማሹ አርባዕቱ እንስሳ ነው ይላል። አንድ ቀን ስምንት የደረሳቸው አንድ ቁጡ ገበሬ፣ ከጎናቸው የተቀመጠው ትምህርት ቀመስ ዲያቆን «እርስዎ አርባዕቱ እንስሳ ነዎት» ቢላቸው ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። እንስሳ ያለኝ ማነው፣ ከነልጆቼ ነው የሰደበኝ፣ አርባዕቱ ብሎ አራት ያለው ሦስቱን ልጆቼን ጨምሮ ነው ብለው አዳራሹን አናወጡት። ዲያቆኑ በዙፋኑ ዙሪያ ያሉትን፣ የሰው፣ የአንበሳ፣ የላምና የንስር ገጽ ያላቸውን ኪሩቤል እየዘረዘረ ለማስረዳት ቢሞክር ላም የምትለዋን ሲሰሙ ጭራሽ ባሰባቸው። በመጨረሻ አባ ኪሮስ ናቸው ተብሎ በሽማግሌ ተዳኘ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ያለ ክርክር አባ ኪሮስ ሆነ።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። የከፋው የኮምፒዩተሩ ሪፖርት ነበር። ማሽኑ አንድን ቁጥር ሦስት ጊዜ ጠርቶ ሰው ካላገኘ «አልቀረበም» ብሎ ይሰርዘዋል። በየሳምንቱ ሪፖርቱን ስስበው «አልቀረበም፣ አልቀረበም፣ አልቀረበም» ይላል። አዳራሹ በሰው ጢም ብሎ ማንም አይቀርብም ማለት ነው። አንድ ጠዋት ቆሜ ሳይ ምክንያቱን አገኘሁት። «ቁጥር አሥራ ሁለት» ሲባል ባለ ሚካኤሉ ሽማግሌ ተነሡ፣ ሁለት እርምጃ ሄዱ፣ ከዚያ ዞር ብለው ባለ ማርያሟን አዩና ቆሙ። እመቤታችንን ቀድሜ አልገባም አሉ። ባለ ማርያሟ በበኩሏ ሽማግሌ ቀድሜ አልገባም አለች። «በሞቴ» ተባለ፣ «አፈር ስሆን» ተባለ፣ «ኧረ እንደ ምን ተደርጎ» ተባለ። የእኔ ድምፅ ከላይ ሦስት ጊዜ ለምኖ ዝም አለ። ሲገባበዙ የባለ ማርያሟም ተራ ደርሶ አለፈ። ሁለቱም ተሰረዙና እንደገና ወረቀት ሊያወጡ አብረው ሄዱ፤ እዚያም ቁልፉን ማን ይጫን በሚለው ተገባበዙ።

የሥራ ሂደት ለውጥ ብዬ በሕይወቴ በትክክል የሠራሁት ነገር ቢኖር ያን ቀን ያልሁት ነው። መሐል አዳራሹ ቆሜ፣ መልአክ መልእክተኛ አይደለም ወይ፣ መልእክተኛስ ቀድሞ አይገባም ወይ፣ ገብርኤል እመቤታችን ዘንድ ቀድሞ ባይደርስ ብሥራቱን ማን ያመጣ ነበር አልኋቸው። ባለ ሚካኤሉ «ልጅቱ ተምራለች» ብለው አዲሱን ወረቀታቸውን ይዘው ገቡ። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ «አልቀረበም» የሚለው ቃል ከሪፖርቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ኃላፊያችን ሪፖርቱን አይተው በጣም ተደሰቱና ምን ዓይነት የሶፍትዌር ማስተካከያ እንዳደረግሁ ጠየቁኝ። አነስተኛ ማስተካከያ ነው አልሁ። ውሸት አይደለም።

አሁን ወደ ሠላሳው እንምጣ። ወር ሠላሳ ቀን ነው፤ ማርቆስ ላይ ያልቃል። ሠላሳ አንድ የወጣለት ሰው መጀመሪያ ግራ ገባው፣ ቅዱስ የለውም። ቶሎ ግን መፍትሔ ተገኘለት፦ ጳጉሜ ነው ተባለ። ሠላሳ አንድ ጳጉሜ አንድ፣ ሠላሳ ሦስት ጳጉሜ ሦስት፤ ጳጉሜ ሦስት ደግሞ ሩፋኤል ነውና ሠላሳ ሦስትን ለማግኘት ሰው ሆን ብሎ እያረፈደ ይመጣ ጀመር። ሠላሳ አምስትም ደህና ነው። ነገሩ ሠላሳ ስድስት ላይ ተቋጠረ። ሠላሳ ስድስት የወጣላቸው የመጀመሪያው ሰው አንድ ረጋ ያሉ ገበሬ ነበሩ። ወረቀታቸውን አሳዩ። አዳራሹ ተማከረ። ከዚያ ከፊት የነበሩት መሪጌታ በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ብቻ ነው» አሏቸው። «ዘንድሮ ማቴዎስ ነው። እርስዎ ዘንድሮ የሉም።»

ሰውየው አልተቆጡም፤ ምክንያቱ ምክንያት ነው። ወረቀታቸውን አጣጥፈው ነገ ማልደው ሊመጡ ሄዱ። ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ተከትለው ሄዱ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሠላሳ አምስተኛው ወረቀት እንደ ወጣ ሰው ለማሽኑ እጅ ነሥቶ ይመለሳል። ማሽኑ እስከ ዘጠና ዘጠኝ የቀዳሁለትን ድምፅ ይዞ ሥራ ፈትቶ ይውላል።

ውጤቱ በሪፖርት ላይ እንዴት ያምር እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። ግርግር የለም። የጥበቃ ጊዜ አጭር ነው። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ባዶ ነው። ኃላፊያችን ይህን በቀለም አሳትመው ግድግዳው ላይ ለጠፉት፣ ድሮ ቀስት የነበረበት ቦታ ላይ። «ሥርዓቱ ፍላጎትን አመጣጥኗል» ይላል። የዝውውር ደብዳቤዬም ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ብቻ ቀርቶት ጠረጴዛቸው ላይ ተቀመጠ። ማኅተሙ ኮሚቴው ሲሸኝ ይመታል። ለእናቴ ደውዬ ነገርኋት። ስልኩ ውስጥ ለጎረቤት ስታወራ ሰማኋት።

ኮሚቴው የመጣ ዕለት ሰብሳቢው አንድ ዘዴ አሰቡ። እንደ ገምጋሚ ሳይሆን እንደ ባለጉዳይ ገብተው ወረቀት አውጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ኮትና ከረባት ያደረጉ፣ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው። እኔ በመስታወቱ በኩል አያቸዋለሁ፤ ከጎናቸው የተቀመጡት ደግሞ እነዚያ ከጉና ሥር የሚመላለሱት እናት ናቸው። በር ክፍት ስለነበር ሁሉም ይሰማኝ ነበር።

«ማን ነዎት?» አሏቸው እናቲቱ።

ሰብሳቢው መታወቃቸው አስደንግጧቸው፣ የግምገማ ኮሚቴ ሰብሳቢ መሆናቸውን በዝግታ አመኑ።

«እሱን አላልሁም። ማን ደረሰዎ? ያሳዩኝ እስቲ።» ወረቀቱን በዘበኛችን አስነበቡት። «ቂርቆስ ነዎት። እንግዲያው እኔ ኪዳነ ምሕረት ነኝ፣ ከኋላዎ ነኝ። እኒያ ጋቢ የለበሱት እስጢፋኖስ ናቸው። ከዚያ ማዶ ያሉት ሐጂ ገብርኤል ናቸው፣ ሰላም ይበሏቸው።»

ሐጂው ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ገብርኤል ነኝ፣ እንደ ምን አደሩ» አሉ።

ሰብሳቢው ቀስ ብለው ተነሥተው፣ ግድግዳውን ታክከው፣ እኛ ቢሮ ገቡ። በሩን ከኋላቸው ዘጉት። ኃላፊያችንን አልፈው እኔን አዩኝ፤ ድምፅ ዝቅ አድርገው እነዚያ ሰዎች ጤነኞች ናቸው ወይ ብለው ጠየቁ። ኃላፊያችን ፍጹም ጤነኞች እንደሆኑ አረጋገጡላቸው። ሰብሳቢው ውኃ ጠየቁ። ከጠጡ በኋላ ግን ሥራቸውን የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ ሪፖርቱን ገለጡና ጣታቸውን በትክክል መቀመጥ ያለበት ቦታ ላይ አስቀመጡት። ወራት ሙሉ በቀን ከሠላሳ አምስት ሰው በላይ አንድም ቀን አልመጣም። ይህን የሚያህል ወረዳ፣ ይህን የሚያህል ገበያ እያለ የቀረው ሰው የት ሄደ?

ኃላፊያችን ሥርዓቱ ፍላጎትን አመጣጥኗል አሉ። ሰብሳቢው ፍላጎት እንዴት እንደሚመጣጠን ሊገባቸው አልቻለም። ወደ እኔ ዞሩ።

ደብዳቤዬ ጠረጴዛው ላይ ነው። ማኅተሙ አጠገቡ ነው፤ የማኅተሙ ቀለም ሣጥን እንኳ ተከፍቷል። ኃላፊያችን አንድ ጊዜ ደብዳቤውን፣ አንድ ጊዜ እኔን ያዩኛል። የሚያስፈልገኝ ዝም ማለት ብቻ ነው። ዝም ማለት ውሸት እንዳልሆነ ለራሴ ስነግር ቆየሁ፤ ግን የረቡዕ ጾም ላይ ነበርሁ፤ በጾም ደግሞ ሆድ ብቻ ሳይሆን አንደበትም ይጾማል ተብሎ ነው የተማርሁት፤ አንደበት ይጾማል ማለት ዝም ይላል ማለት ነው ወይስ አይዋሽም ማለት ነው፣ እሱን ስመረምር አፌ ቀደመኝ።

«ወደ ቤታቸው ሄደዋል» አልሁ። «በዘመነ ሉቃስ ይመለሳሉ።»

ከዚያ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ቅዱሳኑን፣ ጳጉሜን፣ ሠላሳ ስድስት ላይ የተቋረጠውን ሕዝብ። ኃላፊያችን የማኅተሙን ቀለም ሣጥን በዝግታ ዘጉት። ሰብሳቢው ሪፖርቱ ላይ አቀረቀሩ። መጀመሪያ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁና ማልቀሳቸው ነው ብዬ ደነገጥሁ። ሲስቁ ነበር። መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉና፣ ቂርቆስ መሆናቸው ገና እንዳልወጣላቸው በሚያሳውቅ ቁም ነገር፣ «ታዲያ ከጳጉሜ በኋላ የሚመጣው ማነው?» ብለው ጠየቁ።

«መስከረም» አልን ሁላችንም በአንድ ላይ። በሩ ሥር ጆሯቸውን ጥለው የነበሩት ዘበኛችን ሳይቀሩ።

መፍትሔው ይኸው ነበር። ከጳጉሜ አምስት በኋላ ማሽኑ ሠላሳ ስድስት ማለቱን ትቶ እንደገና ከአንድ ይጀምራል፤ ግን ወሩን ከፊቱ ያስቀድማል። መስከረም አንድ፣ መስከረም ሁለት፣ እያለ እስከ መስከረም ሠላሳ፤ ከዚያ ጥቅምት። ሰው እስከፈለገ ድረስ ይምጣ፣ ዓመቱ ሰፊ ነው። በሰነዱ ላይ «ከአካባቢው ባህል ጋር የተጣጣመ የተራ አሰጣጥ» ተብሎ ተጻፈና ሰብሳቢው ፈረሙበት። ሥርዓቱ ደህና ነው ብቻ አይደለም፣ ጎረቤቶቻችን ሐሙሲትና አንበሳሜም ድረስ ይሂድ ተባለ። ሲወጡ አዳራሹ ውስጥ ቆም ብለው ለእስጢፋኖስ እጅ ነሡ።

ችግሩ ከሰነዱ መጨረሻ ያለችው አንዲት መስመር ናት። ባለሙያዋ ሥርዓቱ ተስፋፍቶ እስኪያልቅ ከቦታዋ እንዳትነሣ ትላለች። የወራቱ ስም መቀዳት አለበት፤ የሚቀዳው ደግሞ በእኔው ድምፅ ነው፤ በሌላ ሰው ድምፅ ከሆነ መስከረም ሌላ ሰው፣ ሠላሳው ሌላ ሰው ሊሆን ነው። ኃላፊያችንን ለመንኋቸው። ወራቱን ሁሉ ዛሬውኑ እቀዳለሁ፣ ድምፄ እዚህ ይቅር፣ እኔ ልሂድ አልሁ። ነገሩን በጥሞና አሰቡበት። ድምፅሽ የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፣ ንብረት ደግሞ ያለ ኃላፊነት ወሳጅ አይቀመጥም፣ ኃላፊነቱን የሚወስደው ባለ ድምፁ ነው አሉኝ። የዝውውር ደብዳቤዬን አጣጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት።

ለእናቴ ለመንገር ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስነግራት ግን አላለቀሰችም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ «አቦ ተዪው፤ እንግዲያው እኔ እመጣለሁ» አለች።

መጣችም። ከድሬዳዋ በአንዲት ሽርጥና በአንዲት ስስ ነጠላ ደብረ ታቦር የገባች ሴት እናቴ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። ከመናኸሪያው ስቀበላት ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣ እዚህ አገር ፀሐይዋን ማን ወሰደባችሁ ብላ ጠየቀችኝ። ጋቢ ገዛሁላት፤ በላዩ ሌላ ጋቢ ደረበች። ቤት ውስጥ ብቻዋን መዋል ስላልወደደች እየተከተለችኝ መጥታ አዳራሹ ውስጥ መቀመጥ ጀመረች። እዚያ ሰው አለ፣ ወሬ አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ከግድግዳው ላይ ልጇ ቀኑን ሙሉ ስታወራ ትሰማለች። በስልክ ከማገኝሽ ይበልጣል አለችኝ።

ብዙም ሳይቆይ ዘበኛችን በድንጋጤ መጡ። እናትሽ በየቀኑ ወረቀት ያወጣሉ አሉኝ። ተራቸው ሲጠራ ተነሥተው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ መስኮቱ ጋ ይቀርባሉ፤ ጉዳይዎ ምንድን ነው ሲባሉ «ልጄ ጠራችኝ፣ መጣሁ» ብለው ይመለሳሉ። ኮምፒዩተሩ ይህን ምን ብሎ እንደሚመዘግብ የሚያውቅ ስለጠፋ የመስኮቷ ሠራተኛ «ልዩ ልዩ» በሚለው ሥር ታስገባው ነበር። ማታ ለእናቴ ነገሩን ባነሣባት እሷም ቅሬታ ነበራት።

«ምን በደልሁሽ? ‹ይምጡ› ትይኛለሽ፣ አንቱ ትይኛለሽ። በሰው ፊት።»

ድሬዳዋ ውስጥ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ አንተና አንቺ ነው፤ አንቱ የሚባል የተቀየሙት ሰው ነው። እዚህ ደግሞ በዕድሜ የገፋን ሰው አንቺ ማለት ድንጋይ እንደ መወርወር ነው፤ ማሽኑም ማን እንደሚመጣ ስለማያውቅ ሁሉንም ያከብራል ብዬ አስረዳኋት። ገባኝ አለች፤ ፊቷ ግን አልገባውም።

በማግስቱ የቀሩትን ወራት ስቀዳ ማሽኑ ውስጥ አንድ ባዶ የድምፅ ቦታ ተርፎ አገኘሁ። የሥራ ሰዓት ሲያልቅ «አገልግሎታችን ተጠናቋል» የሚል ማስታወቂያ እንዲቀመጥበት የታሰበ ነው። ኃላፊያችን ሐሙሲት ለሥልጠና ሄደው ነበር። ማይክሮፎኑን ጠጋ ብዬ የሚሰማ ሰው አለመኖሩን አየሁና፣ ልክ ከዚራ እንደምለው አድርጌ ቀዳሁት።

ከሰዓት በኋላ፣ መውጫችን ሲደርስ፣ ድምፅ ማጉያው አንድ ጊዜ ተንጫጫና «እማዬ፣ ነይ፣ ቤታችን እንሂድ» አለ።

አዳራሹ ውስጥ የነበሩ እናቶች በሙሉ ተነሡ። ከጉና ሥር የመጡትም፣ ጥቅምት ጊዮርጊስ የነበሩትም፣ በሩ ሥር ቆሎ የሚሸጡትም ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የማን ልጅ እንደሆነች ሳይጠይቁ፣ ወደ በሩ መሄድ ጀመሩ። የእኔ እናት ከመካከላቸው ነበረች፤ እየተጋፋች ከፊት ወጣች።